ከልብ የምንፈልገውና ከአንገት በላይ የምንመኘው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ፣ ትምህርት ወይም ኑሮ ለመቀየር የሚያስቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተቀምጠዋል።

በእውነት የምፈልገውና በሐሳብ ብቻ የምወደው ነገር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በሐሳብ የምንወደው ግብ ደስ የሚለው ሲታሰብ ነው። ክራር መጫወት፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር፣ የራስ ካፌ መክፈት፣ ማስተርስ መያዝ፤ ስማቸው ሲነሳ ልብ ይሞቃል፣ ከዚያ ቀኑ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ከልብ የሚፈለግ ነገር ግን ስለ ዝርዝሩ ያስጠይቃል። ዶሮ ማርባት የሚፈልግ ሰው ሰኞ ገበያ ለሌላ ጉዳይ ወጥቶ እንኳ የእንቁላል ዋጋ ሳይጠይቅ አይመለስም። መኖ የት እንደሚሸጥ፣ ጎረቤቱ ዶሮዎቹ የታመሙበት ጊዜ ምን እንዳደረገ ያውቃል። በሐሳብ ብቻ የሚወድ ሰው የሚያወራው ስለ ትርፉ ነው።

"ከአንገት በላይ" የምንለው ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ነው፤ ለራሳችንም ይሠራል። ከአንገት በላይ የሆነ ግብ ያለው ሰው አልዋሸም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ደስታው የሚመጣው ከሐሳቡ ስለሆነ ሐሳቡ ብቻውን ይበቃዋል። ሥራውን አይጠይቅም።

እንዲህ ራሳችንን የምናሳስተው ለምንድን ነው?

ሩቅ ያለ ነገር ጥቅሙ ነው የሚታየው፤ ሲቀርብ ድካሙ ይታያል። "የዛሬ ዓመት ማስተርስ እጀምራለሁ" ሲባል ዓይን ውስጥ የሚመጣው ምርቃቱ ነው። ምዝገባው ሳምንት ሲቀረው የሚመጣው ግን ክፍያው፣ ቅዳሜና እሁድ መቅረቱና የመመረቂያ ጽሑፉ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኬንት ቤሪጅ አንድን ነገር መፈለግና በነገሩ መደሰት አንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው አሳይቷል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበልጥ የተያያዘው ከመፈለጉ ጋር ነው። ስለዚህ ሲያገኙት የማያስደስት ነገርን ለዓመታት አጥብቆ መፈለግ ይቻላል። የስሜቱ ብርታት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቤቴ ተቀምጬ የምሞክረው ቀላል መለያ አለ?

በጣም የሚጠቅመው ቀጠሮ የሚሰረዝበት ቀን ነው። ሐምሌ ላይ የደሴ ዝናብና ጭጋግ ከቤት አያስወጣም። ሊሄዱበት የነበረው ትምህርት በዝናቡ ምክንያት ቀረ እንበል። መጀመሪያ የመጣብዎት እፎይታ ነው ወይስ ቅሬታ? የመጀመሪያውን ስሜት ይያዙት፤ ትንሽ ከቆዩ አእምሮ ማስተካከያ መስጠት ይጀምራል። አንድ ቀን እፎይ ማለት ድካም ሊሆን ይችላል። አራት ጊዜ ቀርቶ አራቱንም ጊዜ እፎይ ካሉ ግን መልሱ እጅዎ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ማንም እንደማያውቅልዎ አድርጎ ማሰብ ነው። ፎቶ የለም፤ ሰርግ ቤት "እሷ እኮ እንዲህ ሆነች" የሚል የለም፤ የሰፈር ሰው እንደ ድሮው ነው የሚያይዎት። ያኔም ይፈልጉታል? ሦስተኛው ውጤቱን ከሥራው መነጠል ነው። ዲግሪው ታትሞ ዛሬ ማታ ቤትዎ ቢመጣ ትምህርቱ ስለቀረብዎት ያዝናሉ? ካላዘኑ የሚፈልጉት ወረቀቱን ነው። ወረቀት መፈለግ ነውር አይደለም፤ ደመወዝ ካሳደገ በቂ ምክንያት ነው። ስሙን በትክክል ከጠሩት ግን ምርጫዎ ይለወጣል፦ በጊዜም በገንዘብም የሚቀለውን መንገድ ይፈልጋሉ እንጂ "ሙያውን እወደዋለሁ" ብለው ከባዱን አይመርጡም።

በተግባር የምሞክረው እንዴት ነው?

ከግቡ ውስጥ በብዛት የሚደጋገመውን ሥራ ይምረጡ፤ የሚያምረውን አይደለም። የካፌ የሚደጋገም ሥራ ሳይነጋ ተነስቶ ወተት መቀበል፣ ዕቃ ማጠብና ማታ ሒሳብ መዝጋት ነው። የክራር ቅኝት ማስተካከልና አንዷን ምት መቶ ጊዜ መደጋገም ነው። የዶሮ ኩስ መጥረግ፣ ውሃ መቀየር፣ መኖ መመዘን። የማስተርስ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት 10 ገጽ አንብቦ በግማሽ ገጽ ማሳጠር። ይህን ሥራ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት ይሥሩት። በድምሩ 10 ዙር ነው፤ 5 ሰዓት ብቻ። ዕቃ አይግዙ፣ ይዋሱ። ካፌ ወይም ዶሮ ያለው ዘመድ ካለዎት ሄደው ያግዙት፤ በዚህ አገር ነጻ እጅ የሚመልስ ሰው የለም።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ከመጀመርዎ በፊት ምን ተሰማዎት፤ መሃል ላይ ምን ተሰማዎት፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ ማንም ሳያስታውስዎ ስለ ሥራው አሰቡ ወይ። አንድ አንድ መስመር ይበቃል። በቃል እይዘዋለሁ አይበሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚታወሰው የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

ሲፈርዱ የመጀመሪያዎቹን 3 ዙሮች አይቁጠሩ። አዲስ ነገር ያስደስታል፣ አለመቻል ያበሳጫል፤ ሁለቱም ያልፋሉ። ከቀሩት 7 ዙሮች በ5ቱ ወይም ከዚያ በላይ መሃል ላይ ሰዓት ማየት ከረሱ፣ ወይም ከሰዓቱ ውጭ ስለ ሥራው ካሰቡ፣ ወደ 6 ሳምንት ያራዝሙት። 2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግቡ ከአንገት በላይ ነበር። 3 ወይም 4 ከሆነ ከግቡ የወሰዱት ክፍል ልክ ላይሆን ስለሚችል ሌላ ክፍል ይዘው ይድገሙት። ቁጥሮቹ ለመወሰን እንዲያግዙ የተቀመጡ ናቸው፤ አንድ ዙር ቢጎድል ዓለም አይፈርስም።

ሙከራው በብዛት የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ቪዲዮ ማየት እንደ ሥራ ሲቆጠር። ስለ ዶሮ እርባታ 5 ሰዓት ዩቲዩብ ያየ ሰው የሞከረው ዩቲዩብን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ መግዛት ነው፦ አዲስ ክራር ወይም የሩጫ ጫማ ሲገዛ የመጀመር ስሜት ይሰጣል፤ ያ ስሜት ሲበርድ ዕቃው ጥግ ይይዛል። ሦስተኛው ከሚወዱት ጓደኛ ጋር መሞከር ነው። መሄድ የሚናፍቅዎት ሥራውን ይሁን ጓደኛዎን መለየት አይቻልም።

ሰዓቱና ቦታውም ያሳስታሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው የሌሊት ፈረቃ በገባበት ሳምንት ቢሞክር የሚለካው የእንቅልፍ እጦቱን ነው፤ ቀን ፈረቃ እስኪደርሰው ይጠብቅ። ሩጫ የሚሞክርም እንዲሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ታች ለምዶ የጦሳን ዳገት በመጀመሪያው ቀን የሞከረ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አየሩ መሳሳቱና ዳገቱ ነው፤ ሩጫ አልወድም ብሎ ለመደምደም አይበቃም።

ሁልጊዜ መጀመር ይከብደኛል፤ ከጀመርኩ በኋላ ግን ደስ ይለኛል። ይህ ምን ማለት ነው?

ይፈልጉታል ማለት ነው። ብዙ ሰው መልካም ግብ የሚጥለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለው ይዩት። ከመጀመር በፊት የሚመጣ ክብደትና መሃል ላይ የሚመጣ ክብደት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በፊት ያለው የመነሳት ችግር ነው፦ ብርዱ፣ ስልኩ፣ ደብተሩ የት እንዳለ አለማወቅ። መሃል ላይ ያለው ግን ሥራው ራሱ አለመጣጣሙ ነው። ደብተሩ ላይ "በፊት" እና "መሃል" ለየብቻ የሚጻፉት ለዚሁ ነው።

የመነሳትን ችግር በፍላጎት ብርታት ለማሸነፍ መሞከር ያደክማል፤ በዝግጅት ይቀንሱት። ማታ ዕቃውን የሚያዩት ቦታ ያውጡ። ሥራውን ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት፦ "የሱብሒ ሶላት እንደሰገድኩ"፣ "ከኪዳን እንደተመለስኩ"፣ "የጠዋት ቡና እንደተነሳ"። ሰዓት ሳይሆን ክስተት ይምረጡ። መብራት ቢጠፋ፣ ሰዓት ቢያልፍ ክስተቱ ይኖራል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከ2 ደቂቃ አትብለጥ። በዚህ ዝግጅት ሁለት ሳምንት ሠርተው "መሃል" የሚለው መስመር አሁንም "መቼ ያልቃል" የሚል ከሆነ ችግሩ መነሳት አይደለም።

"ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይባላል። እስካሁን ካልጀመርኩ አልፈለግኩትም ማለት ነው?

አይደለም። ተረቱ ለእንባ ልክ ነው፤ ለመነሻ ገንዘብ አይሠራም። ብዙ ሰው በዚህ አባባል ራሱን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ከልብ ፈልጎ የታገደ ሰው ምልክት አለው፤ እንቅፋቱን በቁጥር ያውቀዋል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። 15 ዶሮ በቀን 1.8 ኪሎ፣ በወር 54 ኪሎ ማለት ነው። የ45 ቀን ጫጩት የገዛ ሰው እንቁላል የሚያየው ዶሮዎቹ 5 ወር ገደማ ሲሞላቸው ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ ያለ ገቢ ይቀልባል፤ ጫጩት ትንሽ ትበላለች፣ እያደገች ስትሄድ ግን ወደ ሙሉው ትጠጋለች። ይህን አስልቶ "የሦስት ወሩ መኖ ነው ያቃተኝ" የሚል ሰው ፍላጎቱ አይጠረጠርም። "ካፒታል የለኝም" ብቻ የሚል ሰው ግን ስንት እንደሚጎድለው ይጠየቅ።

ጠንከር ያለው መለያ ዕቁብ ነው። ዕቁቡ ደረሰ፣ እንቅፋት የተባለው ገንዘብ እጅ ገባ። በዚያው ሳምንት ሌላ እንቅፋት ከተገኘ፣ እሱም ሲፈታ ሦስተኛ ከመጣ፣ እየተጠበቀ ያለው ግቡ አይደለም፤ ግቡን ላለመጀመር የሚሆን ምክንያት ነው። ፍርሃት ከሆነ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። የፈራ ሰው ስለ ጉዳዩ ማውራት አይሰለቸውም፣ ሌላው ሲጀምር ልቡ ይነካል፣ ቅናቱም ስለ ሥራው ዝርዝር ነው። ለፍርሃት መድኃኒቱ ግቡን መተው ሳይሆን ማሳነስ ነው፦ ከ15 ዶሮ ወደ 4።

ቤተሰብ የመረጠልኝን ነው የምከተለው። የኔ ሊሆን አይችልም?

ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰውን የሚያንቀሳቅሱ ምክንያቶችን በደረጃ አስቀምጠዋል፦ ቅጣትና ሽልማት፣ ጸጸትን መፍራት፣ ጥቅሙን ማመን፣ ከራስ እሴት ጋር መስማማት፣ በመጨረሻም ሥራው ራሱ ማስደሰቱ። የሐሳቡ መነሻ ማን እንደሆነ ወሳኝ አይደለም። እናት የመረጡት ሙያ ጥቅሙ ከታመነበት የልጁ ሆኗል። አደገኛው ጸጸትን መፍራት ነው፤ ከውስጥ ስለሚመጣ የራስ ፍላጎት ይመስላል።

ለመለየት፣ ነገሩን ነገ እንደሚተዉት አድርገው ያስቡና ቀድሞ የመጣብዎትን ፊት ይዩ። የአባትዎ ያዘነ ፊት ብቻ ከመጣ ግቡ የሳቸው ነው። የራስዎ ጉዳት ከመጣ የእርስዎ ነው። ሁለቱም ከመጡ፣ አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው፣ የ14 ቀኑን ሙከራ ይሥሩ። ለወላጅ መንገር ካስፈለገ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቡና ላይ አያንሱት፤ በሰው ፊት የተነገረ ነገር ክብር ይነካና መልሱ "አይሆንም" ይሆናል። በረካው ተጠጥቶ እንግዳ ሲሄድ፣ ወይም በሚያከብሩት አጎት በኩል ይጀምሩ። ሲያወሩም ሙሉ ውሳኔ ሳይሆን ሙከራ ይጠይቁ፦ "አባዬ፣ ትምህርቱን አልተውኩም፤ እስከ መስከረም ይህንን ጎን ለጎን ልሞክር፣ ከዚያ ተቀምጠን እንነጋገራለን።"

ዓረብ ሀገር ልሂድ እያልኩ ነው። ፍላጎቱ የኔ ነው ወይስ የሰፈሩ?

ወሎ ውስጥ ከብዙ ቤት አንድ ሰው ወጥቶ ስለሚሠራ ይህን ጥያቄ ማንሳት ራሱ ማስተዋል ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ የሚሠራውን በስም ይጻፉ፦ የስንት ክፍል ቤት፣ የየትኛው ወንድም ትምህርት፣ የስንት ብር ዕዳ። ከዚያ፣ ያው ገንዘብ እዚህ በዝግታ ቢገኝ፣ በአራት ዓመት ፈንታ በሰባት፣ መሄዱን ይፈልጉታል? "አልሄድም" ካሉ የሚፈልጉት ገንዘቡን ነው፤ ሌላም መንገድ ሊኖረው ይችላል። "ያኔም እሄዳለሁ" ካሉ የሚፈልጉት መውጣቱን ነው፤ ከምን ለመውጣት እንደሆነ ይጠይቁ።

የሚደጋገመውን ሥራ መፈተሽ እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። የቤት ሠራተኝነት ከሆነ፣ ተመልሰው ከመጡ ሁለት ሦስት ሴቶች ስለ አንድ ተራ ማክሰኞ ይጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ተነሱ፣ መቼ ተኙ፣ ስልክ መቼ ተፈቀደ፣ ደመወዝ በስንተኛው ወር ደረሰ። ስለ ወርቁና ስለ ቤቱ አይጠይቁ፤ እሱ ይታያል። መልሱን ሰምተውም ከቆረጡ በሕጋዊው መንገድ ይሂዱ። ውል የሌለው ሰው ደመወዙ ሲቀር የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

የማልወደውን ነገር ሁሉ ልተው እንዴ?

በፍጹም። ልጅ ማሳደግ፣ እናትን ማስታመም፣ ዕድር መክፈል፣ ለሥራ የሚያስፈልግ ኮምፒውተር መማር በፍላጎት ሚዛን አይመዘኑም። ግዴታ ግዴታ ተብሎ ሲጠራ ይቀላል፤ "ለምን አልወደድኩትም" ብሎ መብሰልሰል ይቀራል። ሙከራው የሚያገለግለው መርጠን ለጨመርነው ነገር ነው።

ግቤን ለሰው ብናገር ይረዳኛል?

ገና ካልሞከሩት አይናገሩ። ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ "እንዲህ ዓይነት ሰው እሆናለሁ" የሚል ግብ አጥብቀው የያዙ ሰዎች እቅዳቸውን ሌላ ሰው ሲያውቅላቸው ለግቡ የሠሩት ካልታወቀላቸው አንሶ ተገኝቷል። አድናቆቱ የውጤቱን ጣዕም አስቀድሞ ይሰጣል። ሐሳቡን ብቻ ለሚወድ ሰው ደግሞ ያ ጣዕም ሙሉ ክፍያው ነው። መናገር የሚረዳው ሙከራው ካለፈ በኋላ፣ ሥራውን ለሚጠይቅ አንድ ሰው ሲሆን ነው። "ጎበዝ" የሚልዎትን ሳይሆን "ዛሬ ስንት ዙር ሠራህ?" የሚልዎትን ይምረጡ።

ለዓመታት የያዝኩት ግብ ከአንገት በላይ ሆኖ አገኘሁት። እንዴት ልተወው?

አብሽር፣ መተው ሽንፈት አይደለም፤ ግን በደንብ ይተዉት። በዝምታ የተጣለ ግብ በየአዲስ ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ግቡ ምን ይሰጥዎ እንደነበር ይጻፉ፦ መከበር፣ ከቤት መውጣት፣ ከሰው ጋር መዋል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ፍላጎት እዚያ ውስጥ ነው። ካፌ ልክፈት ይል የነበረ ሰው የፈለገው ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ኪራይ አያስፈልግም። ከዚያ ዕቃውን ይሽጡ ወይም ይስጡ፣ የጠየቁትን ሰዎች "ትቼዋለሁ" ብለው ይንገሩ። በቀጣዩ ወር ቅልል ካለዎት ትክክል ነበሩ።

ምንም የምፈልገው ነገር ባይኖርስ?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረው ሁሉ፣ ምግቡም ጨዋታውም፣ ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍዎ ከተዛባ ወይም መኖር ከከበደዎ፣ ይህ የግብ ጥያቄ አይደለም። የጤና ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ከጸሎቱና ከዱዓው ጋር አብሮ ይሄዳል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ፣ ብቻዎን አይሁኑ። እስኪሻልዎ ድረስ ሙከራውን አይሥሩ፤ የሁሉም ነገር ውጤት "አልፈልግም" ነው የሚሆነው።

ሁለት ነገር እኩል ከልብ ብፈልግስ?

ደሴ ከእናቴ አጠገብ መኖር፣ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መሥራት፤ ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ ሌላ ሙከራ መደርደር ውሳኔውን ማራዘም ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የትኛው ጊዜ ይዘጋበታል? የትኛው ቢበላሽ መመለስ ይቻላል? ሥራው ነገም ሊገኝ ይችላል፤ የእናት ዕድሜ አይጠብቅም። ወይም እናት ጠንካራ ናቸው፣ ዕድሉ ግን የአንድ ጊዜ ነው። የመረጡት ልክ ቢሆንም የቀረው ይቆጫል። ቁጭቱን ተሳስቻለሁ ብለው አያንብቡት።

መጀመሪያ ከአንገት በላይ የነበረ ነገር በኋላ ከልብ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄም ይህ ነው። አንዳንድ ሙያ ደስታውን የሚሰጠው ትንሽ ከቻሉት በኋላ ነው። ክራር ጥሩ ምሳሌ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱ ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የዚሁ የወሎ ስሞች ስለሆኑ ብዙ ወጣት በኩራት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚጠብቀው ግን ክሩ እየላላ ቅኝቱ መበላሸቱ፣ ጣት መቁሰሉና ዜማ የማይመስል ድምፅ ነው። በሁለት ሳምንት ብቻ ቢፈረድበት ክራር የሚወድ ሰው ሁሉ ይወድቃል።

ስለዚህ ችሎታ የሚጠይቅ ነገር ላይ ሙከራውን ወደ 12 ሳምንት ያራዝሙና ደስታው ከችሎታው ጋር አብሮ እየጨመረ እንደሆነ ይዩ። በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ያንኑ ዜማ በስልክ ይቅዱ፤ ደብተሩ ላይ ያለውን "መሃል" ከቅጂው ጎን ያስቀምጡ። እጁ እየተሻሻለ ልቡም እየሞቀ ከመጣ ይቀጥሉ። እጁም ልቡም ካልተነቃነቁ የልምምዱ መንገድ ሊሆን ስለሚችል አስተማሪ ቀይረው አራት ሳምንት ይጨምሩ። እጁ ተሻሽሎ፣ አንድ ሙሉ ዜማ ያለ ስህተት ወጥቶ፣ እርስዎ ግን ሲጨርሱ ሰዓትዎን የሚያዩ ከሆነ የተዋሱትን ክራር አመስግነው ለባለቤቱ ይመልሱ።